ለቤት የሚሆን የፒኤስ4 ጌም ምረጡልኝ፣ ወንድሜ ከአሜሪካ ሲዲ ሊያመጣልኝ ነው

የጀሞው_አባት፦

ሰላም ወገን። በቅርቡ ያገለገለ ፒኤስ4 (ፕሌይስቴሽን 4) ስሊም ገዛሁ። 500 ጊጋ ነው፣ ሲዲ ማስገቢያ አለው፣ ጆይስቲክ ሁለት። ወንድሜ ለገና ከአሜሪካ ስለሚመጣ "አራት አምስት ሲዲ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም፣ ስማቸውን ብቻ ጻፍልኝ" አለኝ። እኔ ደግሞ ጌም ከተውኩ ቆይቻለሁ። ፒኤስ2 ላይ ዊኒንግ ኢለቨን የሚባለውን የኳስ ጌም እንጫወት የነበረበት ዘመን ላይ ነው የቀረሁት።

ቤታችን እንዲህ ነው። የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፣ ሰፈር ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት እየሄደ ኳስ ይጫወታል፣ ትምህርት ቤት የሚያወሩት ደግሞ ስለ ጂቲኤ፣ ስለ ወንበዴዎቹ ጌም ነው። የ9 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፣ ጆይስቲክ ይዛ አታውቅም ግን ወንድሟ ብቻውን እንዲይዘው አትፈቅድም። ባለቤቴ "እኔንም የሚያጫውት ከሆነ እሺ፣ ካልሆነ ግን ቴሌቪዥኑን ልትቀሙኝ ነው" ብላለች። እኔ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ታሪክ ያለው ነገር ብጫወት ደስ ይለኛል።

ኢንተርኔታችን የስልክ ዳታ ነው። ሃምሳ ጊጋ አውርድ የሚል ጌም ለእኔ የለም ማለት ነው። "ምርጥ ጌሞች" ብዬ ስፈልግ ሁሉም ያንኑ ስም ይደረድራል። የትኛው ያለ ኢንተርኔት እንደሚሰራ፣ የትኛው ሁለት ሰው በአንድ ቴሌቪዥን እንደሚያጫውት የሚናገር የለም። በሳምንቱ የሚሰለች አልፈልግም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስመጡ ነበር?

ጎል_በ90፦

ፊፋ። ሌላውን ተወው ሃሃሃ።

የምሬን ነው ግን። እንግዳ መጣ፣ የአክስት ልጅ መጣ፣ ጎረቤት መጣ፣ ማንም ሳያስረዳው የሚጫወተው ጌም ኳስ ነው። አዲሱን ግን እንዳታስመጣ። ጌሙን የሚሰራው ኢኤ የሚባለው ድርጅት ከፊፋ ጋር የነበረው የስም ውል ስላለቀ ከ2023 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የሚወጣው "ኤፍሲ" ተብሎ ነው፣ በድሮው ስም የወጣው የመጨረሻው ፊፋ 23 ነው። ከፊፋ 22 ወዲህ ደግሞ የፒኤስ4ቱና የፒኤስ5ቱ አንድ አይደሉም። ሃይፐርሞሽን የሚሉት የተጫዋቾቹ አዲስ እንቅስቃሴ ፒኤስ4 ላይ አልመጣም። ስለዚህ ፒኤስ4 ይዘህ በየዓመቱ አዲስ ብትገዛ አብዛኛው ብርህ የሚሄደው ለአዲስ ማሊያና ለዝውውር ነው። ያገለገለ ፊፋ 22 ወይ 23 ይዞልህ ይምጣ፣ እዚያ በርካሽ ነው የሚገኘው። ማን የት እንደተዛወረ ልጅህ ራሱ ገብቶ ያስተካክለዋል፣ ለኳስ ለሚያብድ ልጅ እሱም ጨዋታ ነው።

አልቲሜት ቲም የሚባለው ክፍል ኢንተርኔት ስለሚፈልግ አንተን አይመለከትህም፣ እንኳንም አልተመለከተህ። በብር ፓኬት ትገዛለህ፣ ውስጡ የትኛው ተጫዋች እንዳለ ሳትከፍተው አታውቅም። ቤልጂየም በ2018 ይሄ ቁማር ነው ብላ ኢኤ በ2019 መጀመሪያ ላይ እዚያ አገር ፓኬቱ የሚገዛበትን ፖይንት መሸጥ አቆመ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ለወንድምህ የሚሆነውን ልጻፍ፣ ኮፒ አድርገህ ላክለት።

መጀመሪያ የሳጥኑን ቀለም ይይ። የፒኤስ4 ሳጥን አናቱ ላይ ያለው መስመር ሰማያዊ ነው፣ የፒኤስ5 ነጭ ነው፣ አረንጓዴው የኤክስቦክስ፣ የሌላ ኮንሶል ነው። ቀላል ይመስላል ግን ጌም የማያውቅ ሰው ሱቅ ገብቶ ስሙን ብቻ አይቶ ያነሳል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ሲዲው አይገባም። የፒኤስ5 ሲዲ ፒኤስ4 ላይ አይሰራም። በተቃራኒው ግን ይሰራል፣ የፒኤስ4 ሲዲዎች ከጥቂቶቹ በስተቀር ሲዲ ማስገቢያ ባለው ፒኤስ5 ላይ ይጫወታሉ። ነገ ኮንሶል ብትቀይር የገዛኸው አይጠፋብህም።

ሁለተኛ፣ የአገር ጉዳይ። የፒኤስ4 ሲዲ የትም ቢገዛ የትም ይሰራል፣ እዚህ ላይ አትጨነቅ። ያገለገለ ሲገዛ ከጀርባው ያለውን ጭረት በብርሃን አዙሮ ይይ። ሳጥኑ ውስጥ ኮድ የተጻፈበት ወረቀት ካለ ደግሞ አንዴ ብቻ የሚሰራ ስለሆነ አንዱ ቀድሞ ተጠቅሞበታል ብሎ ያስብ። ቀይ ሳጥን ያላቸው "ፕሌይስቴሽን ሂትስ" የሚባሉም አሉ። ሶኒ በ2018 የጀመረው ነው፣ በደንብ የተሸጡ ጌሞችን አዲስ እንደታሸጉ በ19.99 ዶላር ያወጣቸው። ከእነዚያ መካከል መጥፎ ማግኘት ይከብዳል።

አሁን ዋናው። ሲዲ ስለሆነ ብቻ ሙሉው ጌም ውስጡ አለ ማለት አይደለም! አንተን የሚጎዳህ ይሄ ነው። ስፓይሮ ሪኢግናይትድ ትሪሎጂ የሚባል ልጆች የሚወዱት ጌም አለ፣ ሦስት ጌም ተብሎ ይሸጣል ግን ሲዲው ላይ በደንብ ያለው የመጀመሪያው ነው፣ የቀረውን አውርድ ይልሃል። ክራሽ ባንዲኩት ኤን ሴን ትሪሎጂ ደግሞ ሦስቱም ሲዲው ላይ አሉ። ያንኑ ያህል ሳጥን፣ ያንኑ ያህል ዋጋ። ግራን ቱሪስሞ 7ን የመኪና ጌም ስለሆነ ሁሉም ይመክርሃል። ነገር ግን ዋናው ክፍሉ ኢንተርኔት ከሌለ አይከፈትም፣ በመጋቢት 2022 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰርቨሩ ከአንድ ቀን በላይ ጠፍቶ ብር የከፈለ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ጠብቋል። በ2015 የወጣው ኒድ ፎር ስፒድም እንደዚያው ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ሲዲው ጌጥ ነው። የ2022ቱ ኮል ኦፍ ዱቲ የፒኤስ5 ሲዲ ላይማ የነበረው 70 ሜጋ ገደማ ነው። ሜጋ ነው ያልኩት፣ ጊጋ አይደለም።

ስለዚህ ማንኛውንም ጌም ከመምረጥህ በፊት "ይሄ ሲዲ ያለ ኢንተርኔት እስከ መጨረሻው ይጫወታል ወይ" ብለህ ጠይቅ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ጥሩነቱ የምናወራው።

የሁለት_ልጆች_እናት፦

የእኔም ልጆች በዚያው ዕድሜ ናቸው፣ ስለ ኳስ የሚያወራ ስለማይጠፋ ሌላውን ልናገር።

ሬይማን ሌጀንድስ። ይሄን አንደኛ ጻፈው። እስከ አራት ሰው ባንድ ስክሪን ይጫወታል፣ አንዱ ሲሞት ሌላው መትቶ ያስነሳዋል፣ ስለዚህ ጆይስቲክ ይዛ የማታውቀው ልጅህ ወንድሟ እየጎተታት ትሄዳለች። ከሙዚቃው ምት ጋር እየዘለሉ የሚያልፏቸው ደረጃዎች አሉት፣ እነሱን ደጋግመው ነው የሚጫወቱት። ውስጡ ደግሞ "ከንግ ፉት" የሚባል በእርግጫና በቡጢ ኳስ አግብተው የሚሸናነፉበት ትንሽ ጨዋታ አለ። ባለቤትህ እሷን ትጀምር። እኛ ቤት ዋናው ጌም ተረስቶ በእሷ ብቻ የሚመሽበት ቀን አለ።

ኦቨርኩክድ 2 ሁለተኛ። ምግብ ማብሰል ነው፣ አንዱ ይከትፋል፣ አንዱ ይጠብሳል፣ ሳህን የሚያጥብ ይጠፋል፣ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ወጥ ቤቱ ይቃጠላል። ጩኸት አለው፣ ጎረቤት የተጣላችሁ ሊመስለው ይችላል። ግን እናት፣ አባት፣ ልጅ እኩል የሚሆኑበት ጌም ነው፣ ማንም ሰው ቀድሞ ስለተለማመደ ብዙ አይበልጥም። ብዙ ታሪክ ስለሌለው ደግሞ ሃያ ደቂቃ ተጫውቶ መዝጋት ይቻላል።

ኢት ቴክስ ቱ የሚለውን እርግጠኛ ነኝ ብዙ ሰው ይነግርሃል፣ በ2021 የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ተሸልሟል፣ ይገባዋልም። ሁለት ሰው ካልሆነ ጨርሶ አይጀመርም። ነገር ግን ታሪኩ ሊፋቱ ስለተነሱ ባልና ሚስት ነው፣ ልጃቸው ታለቅሳለች። መሃል ላይ ደግሞ አንዲት የዝሆን አሻንጉሊት አለች፣ እዚያ ጋ ስትደርሱ የሚሆነውን አልነግርህም፣ የእኔዋ ትንሿ ግን ከሶፋ ተነስታ ሄዳለች። ከባለቤትህ ጋር ማታ ተጫወቱት። ለሁለታችሁ ከእሱ የተሻለ የለም። ለ9 ዓመት ልጅ ግን ትንሽ ይቆይ።

ደግሞ አሜሪካ የሚሸጠው ሳጥን ከፊቱ ከታች ጥግ ላይ የዕድሜ ምልክት አለው። ኢ ማለት ለሁሉም፣ ኢ 10 ፕላስ ከ10 ዓመት ጀምሮ፣ ቲ ከ13 ጀምሮ፣ ኤም ከ17 ጀምሮ። ወንድምህ ኤም ያለበትን ለልጅ ብሎ እንዳያነሳ ንገረው። ጂቲኤ ኤም ነው፣ አለቀ።

የጀሞው_አባት፦

እናመሰግናለን፣ እህቴ ሬይማንን ጽፌዋለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያንተን እንዳለ ልኬለታለሁ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ ልጄ የመኪና ጌም ካልሆነ ብሎ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ሱቅ "ለምን ሲዲ ትገዛለህ፣ ሰላሳ ጌም ጭኜ ልስጥህ" አለኝ። እውነት ከሆነ ወንድሜን ለምን አስቸግራለሁ?

ባለ_ጌምቤት፦

ጋሼ እኔ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው የምሰራው፣ የሁሉንም ሰፈር ልጅ አመል አውቃለሁ ማለት ይቻላል።

ሱቁ የሚልህ ጄልብሬክ ነው። ሲስተሙን ሰብረው ከሃርድ ዲስክ ይጭኑልሃል። ይሰራል፣ አይሰራም አልልህም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ኮንሶሉን አፕዴት ማድረግ የለብህም፣ ኦንላይን ከገባህ ሊዘጋብህ ይችላል፣ አንዳንዱ ጌም መሃል ላይ ይቆማል፣ የጫነልህ ልጅ ደግሞ ስልክ አያነሳም። ከሁሉም በላይ ግን ሰላሳ ጌም የተጫነለት ልጅ አንዱንም አይጨርስም። አንዱን አስር ደቂቃ፣ ሌላውን አስር ደቂቃ፣ ከዚያ "ሰለቸኝ"። አራት ሲዲ ያለው ልጅ ነው ጌሙን እስከ ጥጉ የሚያውቀው።

የገዛኸው ያገለገለ ስለሆነ እሱ ራሱ ጄልብሬክ የተደረገ እንዳይሆን አሁኑኑ አሳይ። ከሆነ ወንድምህ የሚያመጣው አዲስ ሲዲ "መጀመሪያ ሲስተሙን አፕዴት አድርግ" ሊልህ ይችላል፣ አፕዴት ካደረግከው ደግሞ የተጫኑት ጌሞች መስራት ያቆማሉ። ይሄን ሳታውቅ ገና ዋዜማ ላይ አትጣላ።

መኪና ካልክ፣ አብዛኛው አዲስ የመኪና ጌም ሁለት ሰው ባንድ ቲቪ አያጫውትም። ኒድ ፎር ስፒድ ሂት ያለ ኢንተርኔት ስቶሪው ይሄዳል፣ ግን ለአንድ ሰው ነው። እህትየው ቁጭ ብላ ታያለች፣ ከዚያ ጸቡ ይጀመራል። ክራሽ ቲም ሬሲንግ ናይትሮ ፊውልድ ግን ስክሪኑን ለአራት ይከፍለዋል። የካርቱን መኪና ነው ብሎ ልጅህ ፊቱን ያጨማድዳል፣ እውነት ነው። አንድ ጊዜ እህቱ ሮኬት ተኩሳ ከመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ስታልፈው ያቆማል ፊት ማጨማደዱን።

እኛ ቤት ደግሞ "የተሸነፈ ይነሳል" ነው ሕጉ። ስለዚህ እዚህ የሚቆየው ጌም አጭርና ቶሎ የሚያልቅ ነው፣ ኳስና ድብድብ። ቴከን 7 ካስመጣህ ለቤትም ይሆናል፣ ቁልፍ ዝም ብሎ እየነካካ እንኳ የሚያሸንፍ አለ። ቴከን 8 ግን ለፒኤስ4 የለም፣ እንዳይሳሳቱ። ሞርታል ኮምባትን ለልጆች አልመክርህም፣ አጥንት ሲሰበር ቀረብ አድርጎ ነው የሚያሳየው።

ሌሊት_ሌሊት፦

ስለ አባትየው ማንም አልተናገረም። ልጆች ከተኙ በኋላ ያለው ሰዓት የእኔ መስክ ነው።

ጌም ለተወ ሰው ወደ ኋላ የሚመልሰው አንቻርትድ ነው። "ናታን ድሬክ ኮሌክሽን" የሚለውን ይያዝልህ፣ በአንድ ሲዲ ሦስት ጌም ነው፣ የጠፋ ከተማ ፍለጋ፣ መውጣት፣ መሸሽ፣ ቀልድ። አንዱ ምዕራፍ ሳያደክምህ ያልቃል። እሱን ከወደድከው አራተኛው በቀይ ሳጥን አለ። ከዚያ የ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዋር። አባትና ልጅ የእናትየውን አመድ ተራራ አናት ላይ ለመበተን ሲሄዱ ነው ታሪኩ። ሰውየው ከልጁ ጋር ማውራት አይችልም፣ መጥረቢያ መወርወር ግን ይችላል። የ13 ዓመት ልጅ ያለው አባት ሲጫወተው ሌላ ነገር ነው የሚሆነው። ደም ስላለው ልጆቹ እያዩ አይሁን።

ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ን ሁሉም ያመልከዋል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ላንተ አሁን አልመክርም። በሁለት ሲዲ ነው የመጣው፣ 100 ጊጋ ገደማ ይይዛል፣ ያንተ 500 ጊጋ ደግሞ ለጌም የሚተርፈው 400 ገደማ ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ ዝግ ያለ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ብቻ ላለው ሰው ፈረስ ላይ ሆነህ ዛፍ እያየህ ያልቃል።

ለልጅህ ለብቻው ከፈለግክ ሆራይዘን ዚሮ ዶውን ኮምፕሊት ኤዲሽን ጥሩ ነው። ምልክቱ ቲ ነው፣ በጂቲኤ ፋንታ ሰፊ ዓለም ይሰጠዋል፣ የሚታደነውም የማሽን አውሬ ነው። የ2018ቱ ስፓይደርማንም ቲ ነው፣ ኒውዮርክን በድር እየተወዛወዘ ማቋረጥ ብቻውን ልጅ ያጠግባል።

አዲስ_አማኑኤል፦

ዊቸር 3 ሳይጠራ ይሄ ሁሉ ጽሑፍ?? ከነተጨማሪዎቹ ያለውን እትም ግዛና ዓመቱን ሙሉ ሌላ አያስፈልግህም።

ሌሊት_ሌሊት፦

@አዲስ_አማኑኤል ዊቸርን የሚነካ የለም ወንድሜ። ግን ሰውየው ከዊኒንግ ኢለቨን ነው የሚመጣው፣ የጦር ዕቃ ሜኑ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። የእንግሊዝኛ ንባቡም ብዙ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ይሁን። በነገራችን ላይ አስትሮ ቦትን፣ ስፕሊት ፊክሽንን፣ ባልደርስ ጌት 3ን የሚጠራልህ ሰው ካለ ለፒኤስ4 የሉም፣ በርበሬ ለሌለው ቤት ዶሮ ወጥ እንደመምከር ነው።

የጀሞው_አባት፦

ሃሃ እሺ። ወንድሜ አሁን ደውሎ "ሲዲ ከምፈልግ ከሶኒ ሱቅ በኮድ ልግዛልህ" አለኝ። ምን ልበለው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

እንቢ በለው። የፕሌይስቴሽን ሱቅ ኢትዮጵያን በአገርነት ስለማይመዘግብ አካውንቱን በሌላ አገር ነው የምትከፍተው፣ የአሜሪካ ካርድ ደግሞ የሚሰራው በአሜሪካ አካውንት ብቻ ነው። ያም ቢሳካ ጌሙን በስልክ ዳታ ማውረድ አለብህ፣ ችግርህ መጀመሪያውኑ እሱ ነበር። ሲዲ ስትጨርሰው ለጎረቤት ታውሳለህ፣ ትለዋወጣለህ፣ ትሸጣለህ። በኮድ የተገዛ ከአካውንቱ አይወጣም። ደግሞ እዚያው ሱቅ እያለ አንድ ኦሪጅናል ጆይስቲክ ይጨምርልህ። ገበያ ላይ ያለው ተመሳስሎ የተሰራው ብዙ ነው፣ ለሁለት ሰው ጌም ደግሞ አንዱ ጆይስቲክ ሲበላሽ ጌሙም አብሮ ይቆማል።

ጠጋኙ፦

ዘግይቼ ነው ያየሁት። የጌሙን ዝርዝር ጨርሳችኋል፣ እኔ ስለ መብራት።

ኮንሶሉን ሬስት ሞድ (ሳይጠፋ የሚያንቀላፋበት) ላይ ትታችሁ አትተኙ፣ ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ሬስት ሞድ ላይ እያለ መብራት ሲሄድ ልክ ከሶኬት እንደተነቀለ ነው፣ ስትከፍተው "በአግባቡ አልጠፋም" ብሎ ሃርድ ዲስኩን መመርመር ይጀምራል። አንዴ ሁለቴ ይችለዋል፣ ሲደጋገም ግን ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ይበላሻል፣ እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ጌሙ ሴቭ ሲያደርግ ጥግ ላይ ምልክት ይሽከረከራል፣ እሷ እስክትጠፋ ማጥፊያውን አትንኩ፣ ልጆቹንም አስተምራቸው።

ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ ሌላ ጌም አታጥፋ። ከ2017ቱ አፕዴት ወዲህ ፒኤስ4 ከ250 ጊጋ ጀምሮ ያለውን የዩኤስቢ 3 ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይቀበላል፣ ጌም እዚያ ላይ ይጫናል። ሴቩ ግን እዚያ አይሄድም፣ ውስጡ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ሴቭ ዳታውን ወደ ተራ ፍላሽ ኮፒ አድርገው፣ ፒኤስ4 ያለ ክፍያና ያለ ኢንተርኔት ይፈቅድልሃል። በወር አንዴ በቂ ነው። የልጁን ፊፋ ካሪየር፣ የናንተን የኢት ቴክስ ቱ ምዕራፍ፣ ሁሉንም አንዲት ትንሽ ፍላሽ ትይዘዋለች።